ባለ ሁለት በሯ አስታራቂ

እኔ ጠያቂ ነኝ። ወሬኛ የሚሉኝም አሉ፤ እኔ ግን ጠያቂ መባሉን እመርጣለሁ። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ፣ ስልክ ሲጮህ ከየት እንደተደወለ፣ ሁለት ሰዎች ድንገት ድምፃቸውን ሲቀንሱ ስለ ምን እንደሚያወሩ ካላወቅሁ የበላሁት ምሳ አይወርድልኝም። እንዲህ ያለችን ሴት በቤተሰብ አስታራቂ ቢሮ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ አድርጎ መቅጠር ምን የሚሉት እብደት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ቲቸር ግን ቀጠሩኝ።

ቲቸር የምንላቸው አስታራቂዋን ነው። ወደዚህ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ብዙ ዘመን የሕፃናት አስተማሪ ነበሩና ስሙ ተከትሏቸው መጣ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ቢናደዱም ድምፃቸው የማይጨምር ሴት ናቸው። ሲናደዱ የምናውቀው ጠረጴዛ መወልወል ስለሚጀምሩ ነው። እኔን ራዲዮ ይሉኛል። «ራዲዮ፣ እስቲ አሁን ዝጊ» ካሉ እንግዳ ደረጃው ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ቢሯችን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ከሥር ሲያጉረመርም ይውላል። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ በመንገዱ በኩል፣ አንዱ በጓሮው በኩል፣ የቲቸር ደግሞ በመሃል። በሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛው በዋናው ደረጃ ወርዶ ወደ አስፋልቱ ያወጣል። ሁለተኛው ከኋላ በብረት መሰላል ወርዶ፣ የጎረቤት ልብስ በሚሰጣበት ጓሮ አልፎ፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ያደርሳል። የሕንፃው ባለቤት አንድ ጊዜ ሌባ ይገባል ብሎ የኋላውን በር ሊያሽገው መጣ። ቲቸር ቁልፉን ከእጁ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና «በሩን ከሚያሽጉት እኔን ያስወጡኝ» አሉት። ሰውየው እየሳቀ ሄደ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔ በበኩሌ አንድ በር ላይ ይህን ያህል መሟገት ለምን እንዳስፈለገ ለማወቅ ሳምንቱን ሙሉ ምላሴን ሲያሳክከኝ ከረመ።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ቲቸር ባልና ሚስትን መጀመሪያ ለየብቻ ነው የሚያነጋግሩት። በአንድ ቀን መምጣት ካለባቸውም አንዱ በፊት በር፣ ሌላው በኋላ በር ይገባል፤ ሲወጡም የሚፈራው ሰው ቀድሞ ይወጣል። የሚያስፈራው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ወገብ ሕመሙ ይጠየቃል። እንዴት እንደሚያስወሩት! ስንቱ ጎረምሳ ሊፎክር ገብቶ ስለ እናቱ አልቅሶ ወጥቷል። ያኛው ወገን በዚህ መሃል ቤቱ ደርሷል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የማስታረቅ ሥራቸው ግማሹ አለማስታረቅ መሆኑ ነው። የመጣውን ሁሉ አይቀበሉም። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አነጋግረው ወደ ፍርድ ቤት ይመልሱታል። «ለምን?» ስላቸው፣ «ይሄ ጠብ አይደለም ራዲዮ። ለጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አላብራሩም።

በተቀጠርኩ ሰሞን ቢሮውን ላሳምር ብዬ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ ይዤ መጥቼ ነበር። ቲቸር በሁለት እጃቸው አንስተው መዘኑትና «በጣም ያምራል፤ ግን ይከብዳል» ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ተቀየምኳቸው። በኋላ ጠረጴዛቸውን ልብ ብዬ ሳይ መቀስ የለም፣ ከባድ ማኅተም የለም፣ የብርጭቆ ዘር የለም። ሻይ የምናቀርበውም በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ቅያሜዬ ያን ቀን ለቀቀኝ።

ደግሞ እህታቸው አሉ። ታላቅ እህታቸው፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፤ ተቃቅፈው ምሳ ይወጣሉ። ቲቸር ሁልጊዜ ከእህታቸው በስተቀኝ ናቸው። በስተግራ ከሆኑ ዞረው ይመጣሉ፤ ጠባብ ደረጃ ላይ እንኳ ሰው አስቁመው ቦታ ይቀይራሉ። ይህንንም ለማወቅ ሞቼ ነበር። ግን የቲቸር ፊት አንዳንድ ጥያቄ አያስገባም።

አንድ ሰዓት ሠሪና ሚስቱ የመጡት እንግዲህ እዚህ ቢሮ ነው።

ፍርድ ቤት ነው የላካቸው። ሚስትየው መትቶኛል ብላ ከስሳ፣ ወዲያው ክሷን አንስታ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ቤት ትንሽ ከርማለች፤ አሁን ባልየው ትመለስልኝ ይላል፣ ወንድምየው ትመለስ ይላል። ትንሽ ልጅ አለቻቸው። ሴትየዋ ወደ ቤት የምትመለስ ከሆነ በምን ሁኔታ፣ የማትመለስ ከሆነ ልጅቱ ከማን ጋር ትሁን፣ ቲቸር የሚጠበቅባቸው ይህን መጨረስ ነበር።

ሰውየውን ሳየው ልቤ ደነገጠ፤ በመልኩ ሳይሆን በጨዋነቱ። የሻይ ማቅረቢያውን ይዤ ስገባ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። ጥፍሩ ንጹህ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እጁ ላይ የቆዳ ማሰሪያ ያላት ቀጭን ሰዓት። «እህቴ፣ ደክመሻል» አለኝ። በዚህ ቢሮ ስሠራ ደክመሻል ያለኝ ወንድ እሱ የመጀመሪያው ነው። እዚያው በልቤ «ጨዋው» ብዬ ስም አወጣሁለት።

«ምን ላምጣልዎ?»

«ሻይ፣ ያለ ስኳር። አመሰግናለሁ።»

በኋላው ክፍል ወዳለችው ሚስቱ ሄድኩ። ከሲታ፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ያቀፈች ሴት ናት። ከማግባቷ በፊት ዳቦ ቤት ሻጭ ነበረች አሉ። ምን ልስጥሽ ብላት ቀና አለችና «እሱ ምን አለ?» አለችኝ።

«ሻይ፣ ያለ ስኳር።»

«እኔም እንደሱ።»

አንጀቴን በላችው። ተጣልተው እንኳ በአንድ አፍ ያዛሉ! ያን ቀን ሲሄዱ አላስችል ብሎኝ ለቲቸር ነገርኳቸው። «እነዚህስ ይታረቃሉ። ፍቅራቸው አላለቀም፤ ሻይ እንኳ አንድ ዓይነት ነው የሚጠጡት።»

ቲቸር መነጽራቸውን አነሱ። «ማነው ቀድሞ ያዘዘው?»

«እሱ።»

«እሷ ደግሞ እሱ ያዘዘውን ጠየቀችሽ?»

«አዎ።»

ጨርቅ አንስተው ጠረጴዛውን መወልወል ጀመሩ። «በሚቀጥለው ቀጠሮ እሷ ቀድማ ትምጣ። ምን እንደምትፈልግ እሱ ሳይኖር ጠይቂያት» አሉኝ። ሻይ ላይ ምን ምርመራ አለ ብዬ ተገረምኩ።

በቀጠሮው እሷ ቀድማ በኋላ በር ገባች። ምን ልስጥሽ አልኳት።

«እሱ ምን አለ?»

«ገና አልመጣም።»

ግራ ገባት። አንድ ከባድ ነገር የጠየቅኳት ይመስል ግንባሯ ላይ ላብ ቸፍ አለ። «እንግዲያው ይቆየኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ ጨዋው በፊት በር መጣ። እንደልማዱ ተነሥቶ ተቀበለኝና «ለኔ ሻይ ያለ ስኳር። ለባለቤቴም እንደዚሁ አድርጊላት፤ ስኳር አይስማማትም» አለኝ። እኔ ሞኟ አሁንም ምን ያለ አሳቢ ባል ነው አልኩ። እቤት ያለው የኔ ባል ሻዬ ውስጥ ጨው ብጨምር አያውቅም።

ኩባያውን ለሴትየዋ ይዤ ስገባ ቲቸር አብረዋት ነበሩ። ወሬው እንዳያመልጠኝ ኩባያ ቀስ ብሎ ማስቀመጥ እችልበታለሁ።

«እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ» አሏት ቲቸር። «ትንሽ ነገርም ቢሆን፣ ስለ መጋረጃም ቢሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ አይሆንም ያልሽው መቼ ነው?»

«ለሱ?»

«ለሱ።»

አሰበች። ረጅም ጊዜ አሰበች። «እኛ እኮ አንጨቃጨቅም» አለች በመጨረሻ። «ያኔም ገፋኝ እንጂ… ተሳስቶ ነው። አብረን ተቀምጠን እንጨርስ ቲቸር። ለየብቻ መሆናችን ያስከፋዋል።»

ቲቸር አልወደዱትም። ግን ወንድሟ በየቀኑ ይደውላል፣ «እሷ ፈቅዳ እርስዎ ምን አገባዎት?» ይላል፤ እሷም ራሷ ትለምናለች። እሷ የፈለገችውን እኔ ብከለክላት እኔስ ከሱ በምን እለያለሁ ብለው ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ብለው ተስማሙ። የሷ ወንበር ለኋላው በር የቀረበው እንዲሆን አደረጉ። ምልክትም ሰጧት፤ ከጨነቃት ውሃ እንድትጠይቅ፣ ውሃ ካለች ቲቸር ሰበብ ፈጥረው ሊያቋርጡት። ይህን ሲነግሯት እዚያው ነበርኩ። «እሺ» አለች።

የጋራው ስብሰባ ቀን የፎቶ ኮፒው ማሽን ተበላሽቶ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ወንድምየው ኮሪደር ላይ ቁልፉን እያሽከረከረ ይንጎራደዳል። ውስጥ ግን ነገሩ እንደ ቅቤ ነው። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፣ ሁለተኛ እጄን አላነሳም አለ፣ ለወንድሟ ቤት ምስጋና አቀረበ። ሴትየዋ እሺ፣ እሺ ትላለች። ስምምነቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ቲቸር የትምህርት ቤቱን ዕረፍት አነሡ፤ ልጅቱ የት ታሳልፍ?

«እቤት ናት» አለ ሰውየው። «አያቷ ዘንድ መንከራተቱ ለትምህርቷ ጥሩ አይደለም።»

«አንቺስ?» አሉ ቲቸር።

እኔ ባዶ ኩባያ ልሰበስብ በሩ ላይ ደርሻለሁ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ጥብቅ አደረገች። «እኔ ግን… እናቴ ልጅቱን ካየቻት ስለቆየች… ለዕረፍቱ ብቻ ብወስዳት…»

ሰውየው አልተቆጣም። ፈገግ እንዳለ ነው። ቀስ ብሎ የእጅ ሰዓቱን ማሰሪያ ፈታ፣ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀጥ እንድትል በጣቱ አስተካከላት።

«እሱ እንዳለው ይሁን» አለች ሴትየዋ። «እሺ። እቤት ትሁን።»

ውሃ አላለችም። እኔም ምንም አልታየኝም፤ ሰውየው ተመችቶት ሰዓቱን ያወለቀ ነው የመሰለኝ። ቲቸር ግን ሰዓቷን አዩ። ሴትየዋን አዩ። መልሰው ሰዓቷን አዩ። እንዲህ ያለ ፊታቸውን የማውቀው የጠፋ ቁልፍ ሲፈልጉ ነው።

«ጥሩ ሄደናል» አሉ በዚያው በለሰለሰው ድምፃቸው። «ትንሽ እንረፍ። ራዲዮ፣ ከኋላ ውሃ አምጪልን።»

ሴትየዋን ይዘው ወደ ኋላው ክፍል ገቡ። ውሃውን ይዤ ስደርስ ከፊቷ በርከክ ብለዋል፤ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው።

«ሰዓቱን ለምን አወለቀ?»

ሴትየዋ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ከዚያ፣ ጃንጥላ ለምን እንደያዘ የተጠየቀች ያህል፣ በተራ ድምፅ መለሰች።

«እንዳይሰበርበት ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆሜ አሰብኩት። ሰዓት በምን ይሰበራል? ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ሰዓቱ በምን ይሰበርበታል? ከዚያ ገባኝ፤ ኩባያውን በሁለት እጄ ያዝኩት። እሷ አሁንም ወለሉን ታያለች። «ከአባቱ ያገኛት ናት» አለች። «ሁልጊዜ ቀድሞ ያወልቃታል።»

ቲቸር እጃቸውን አልዘረጉባትም፣ አላቀፏትም። «ዛሬ ወደ ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብቻ አሏት።

«እሱ ምን…» ብላ ጀመረች። አፏ ላይ ቀረ። ራሷን የሰማች መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ናት» አለች።

መልሱ ይህ ነበር። ቲቸር ሌላ ቃል አልጠየቋትም። ከቤታቸው ሸሽተው የሚወጡ ሴቶችን የሚያሳርፍ ቤት የምታስተዳድር ወዳጅ አለቻቸው፤ ደወሉላት፣ መኪና ይዛ በጓሮው መንገድ እንድትመጣ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሄደው ልጅቱን ይወስዳሉ። እስከዚያ ሰውየው ከዚህ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ቀድሞ ትምህርት ቤት ከደረሰ ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ሴትየዋም ልጇን ተከትላ እቤት ትመለሳለች። ወንድምየው ከሰማም ይነግረዋል።

ቲቸር ክንዴን ያዙኝ። «መኪናዋ እስክትመጣ እኔ ከሷ ጋር ነኝ። አንቺ ግቢና ያዢው። ራዲዮ፣ ዛሬ ክፈቺ።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዝጊ ነበር የምባለው። አሁን ክፈቺ ስባል አፌ ደረቀ። ሻይ ቀዳሁ፤ ያለ ስኳር። ገባሁ። እሱ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። እጁን አየሁት፤ ያን ንጹህ ጥፍር። ሰዓቷ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብላ ተኝታለች።

«ለሷስ ሰጠሻት?» አለኝ።

«ሰጠኋት።»

«ያለ ስኳር?»

«ያለ ስኳር።»

ከኋላ የብረት መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ድምፁ ለኔ ነጎድጓድ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰዓት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ለምንድን ነው ሁሉም የተለያየ ሰዓት የሚያሳዩት? እርስዎስ ጋ እንደዚያ ነው?» ሳቀ። እሱ ጋ እንደዚያ አይደለም፤ እሱ ጋ ሁሉም እኩል ነው የሚቆጥሩት። እንዴት ችለው? በየማለዳው ያስተካክላቸዋል። ውኃ የገባበትስ? የባትሪውና በእጅ የሚሞላው ልዩነታቸው ምንድን ነው? የባለቤቴ ሰዓት አምስት ደቂቃ ወደፊት ይሮጣል፣ ሰውየው ግን ሁልጊዜ ይዘገያል፣ ከሁለቱ የተበላሸው የትኛው ነው? እየሳቀ አስረዳኝ። በአምላክ እምላለሁ፣ ጥሩ አስረዳኝ፤ ዛሬም ድረስ የማውቀው ከሱ የተማርኩትን ነው። እሱን እየሰማሁ፣ ይህ ድምፅና ያ እጅ እንዴት የአንድ ሰው ይሆናሉ እያልኩ በውስጤ እጠይቃለሁ። እስካሁንም መልሱን አላገኘሁትም።

ቲቸር ተመልሰው ገቡ። ሴትየዋ ራሷን ትንሽ እንዳመማት ነገሩት። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ስለ አባቱ ጠየቁት፣ ስለ ሰዓቷ። እኔ ወደ ስልኬ ወጣሁ። ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ «አለቀ?» ይለኛል፤ «እየተጠናቀቀ ነው» እለዋለሁ። ስልኩ ዝም ብሏል። አፈጠጥኩበት። እንደዚያን ቀን ስልክ እንዲጮህ የጸለይኩበት ቀን የለም፤ ስወልድ እንኳ እንደዚያ አልጸለይኩም።

ጮኸ። «ከትምህርት ቤቱ ወጥተናል» አለች የቲቸር ወዳጅ። ከኋላዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ለምን በጊዜ እንደተወሰደች እየጠየቀች ነው። ጠያቂ ልጅ።

«ተሳስተዋል፣ እዚህ አይደለም» ብዬ ዘጋሁና በሩን ገፋ አድርጌ «የተሳሳተ ቁጥር ነው ቲቸር» አልኩ። የተስማማንበት ቃል ነበር።

ቲቸር እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፉ። «ወንድሜ፣ ላስታርቃችሁ አልቻልኩም» አሉት። «ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አቅሜ እዚህ ድረስ ነው።»

ጥፋቱን እንደ ካፖርት ራሳቸው ላይ ደረቡት። ለሷ ምንም አልተዉላትም። በኋላ ሳስበው ከሥራቸው ሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ሰውየው መጀመሪያ አዘነላቸው፣ «አይጨነቁ፣ እኛ ተስማምተናል እኮ» አላቸው። ከዚያ ወደ ኋላው በር አየ።

«እሷስ?»

«ቀድማ ወጥታለች። እዚህ ቢሮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። አልጮኸም፣ አልተነሣም፤ ፊቱ ብቻ እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነ። ሚስቱ እቤት ምን ዓይነት ፊት እንደምታይ ያን ጊዜ አየሁት። ቲቸር ዓይናቸውን አልሰበሩም። ሰዓቷ በሁለቱ መሃል ጠረጴዛው ላይ ናት። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እጁን እጠብቃለሁ። እጁ ተዘረጋ፣ ሰዓቷን አነሣ፣ አንጓው ላይ አሰራት። 

ወንድምየው ነገሩን ሲሰማ ሕንፃውን በጩኸት ሞላው። «ትዳር አፍራሽ! ደሞዝ የሚከፈልዎት ቤት ለማፍረስ ነው?» ቲቸር ጨርሶ እስኪደክመው ሰሙት፣ ውሃ አስመጡለት፣ ደረጃውን ሸኙት። ከዚያ ተመልሰው ጠረጴዛውን መወልወል ጀመሩ። ወለወሉት፣ ወለወሉት።

«ውሃ ጠይቂ አልኳት» አሉ በመጨረሻ። «ምንም ነገር መጠየቅ ያልቻለችን ሴት፣ ሲጨንቅሽ ጠይቂ አልኳት። ጎበዝ አስታራቂ!»

«እርስዎ ምን ያድርጉ» አልኳቸው። ከዚያ፣ ያን ቀን ደፋር ሆኜ ነበርና፣ ጠየቅኳቸው። «ቲቸር፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከእህትዎ በስተቀኝ የሚሄዱት?»

ጨርቁን አስቀመጡ። «በግራ ጆሮዋ አትሰማም» አሉኝ። እህታቸው ከባሏ ሸሽታ እቤታቸው ስትመጣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አስታርቋት ነበር፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። ሁሉም ደስ ብሎት ተበላ፣ ተሳቀ። ቲቸር ያኔ ትንሽ ልጅ ናቸው፤ ብርጭቆ ሲያቀርቡ እህታቸው ለተባለችው ሁሉ እሺ ስትል ሰምተዋል። እሺ ማለቷን ሁሉም መልካም ነው አለ። ጆሮዋ የጠፋው ወደ ባሏ ከተመለሰች በኋላ ነው። «ትምህርት ቤትም ሳስተምር እሺ ብቻ የምትል ሕፃን ስታጋጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር» አሉ። «እምቢ ያለችኝ ቀን እናቷን ጠርቼ የምሥራች እላት ነበር። እናቶቹ ያበድኩ ይመስላቸው ነበር።»

ወራት አለፉ። ፍርድ ቤቱ ሰውየው እንዳይቀርባት አዘዘ፤ ልጁን ሰው ባለበት ቦታ ያያታል። ሴትየዋ ዳቦ ቤት ሥራ ይዛ ክፍል ተከራየች። አንድ ቀን ጠዋት የልጅቱን ጉዳይ ልታማክር ብቻዋን መጣች፤ በፊት በር። ትንሽ ወፈር ብላለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

ደስ ብሎኝ ሮጬ ሄድኩ። «ምን ልስጥሽ የኔ እህት? ሻይ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ፊቷ ትንሽ ቀላ።

«አይ፣ ሻይ አልፈልግም» አለች። ከዚያ እንደጀመረች አላቆመችም። «የዚህን ቢሮ ሻይ አልወደውም። ያኔም አልወደውም ነበር። ውሃ ውሃ ይላል።»

ውሃ ውሃ! የኔ ሻይ! ደሜ ፈላ፤ በዚህ ቢሮ ስንቱን ያስታረቀ ሻይ ነው። ልመልስላት ዞር ስል ቲቸር በራቸው ላይ ቆመዋል። መነጽራቸውን አውልቀዋል፣ ዓይናቸው ሞልቷል፣ ፊታቸው በሙሉ እየሳቀ ነው። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ታዲያ ምን ትወጃለሽ?» አሏት።

«እስቲ ላስብበት» አለች ሴትየዋ።

አሰበች። ቲቸር መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የሌላቸው ይመስል። እኔም ማቅረቢያዬን ታቅፌ ቆምኩ። ከሥር ፎቶ ኮፒው ያጉረመርማል።

«ወተት» አለች በመጨረሻ። «ትኩስ ወተት። ስኳር የበዛበት።»

ቢሯችን ወተት ኖሮት አያውቅም። ኮቴን እንኳ ሳልደርብ ደረጃውን ወርጄ ልገዛ ሮጥኩ።